ስልኩን ወንዝ ጣሉት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለሙዐዊያ፤ ሪያድ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። የአላህ ሰላም ባለህበት አገር፣ በምትተኛበትም በምትቆምበትም ስፍራ ይክበብህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? አምና ያስቸግርህ የነበረው ወገብህ ተሻለው? አሁንም ያን የመጋዘን በር ሌሊት ነው የምትጠብቀው ወይስ ወደ ቀን አዛወሩህ? ምግቡ ይስማማሃል? አብረውህ የሚኖሩት የአጣዬና የከሚሴ ልጆችስ ደህና ናቸው? እዚህ ሙቀቱ ከፍቷል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ከባጃጅ በቀር አስፋልቱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ያንተ አገር ከዚህም ይብሳል ይላሉና አላህ ያበርታህ።

እዚህ ላይ «እኛ ደህና ነን» ብዬ መጻፍ ልማዱ ነው። በዚህ ወረቀት ላይ ውሸት ላለመጻፍ ስለወሰንኩ ልማዱን ዘልዬዋለሁ። አባባ አሉ፣ እማ አለች፣ ሽንኩርቱ ተነቅሏል፣ ላሟም ወልዳለች። እህታችን ራህመት ግን ቃል ከአፏ ካልወጣ ዛሬ ሃያ አራት ቀኗ ነው።

አንተ ስልኬን አታነሳም። አባባ ጋ ስትደውል አጠገባቸው ቆሜ አገናኙኝ ስላቸው «በኋላ» ይሉና ይዘጉታል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የታች ሰፈሩ ሐሚድ ቅዳሜ ወደ ሪያድ ሲመለስ በእጁ እንዲሰጥህ ለምኜዋለሁ። ለሐሚድም ምን እንደጻፍኩ አልነገርኩትም። ለመቅደድ የቸኮልክ እንደሆነ መጀመሪያ እስከ ታች አንብበው፤ ከዚያ ወዲያ እንደወደድክ።

ላንተ የደረሰህን ወሬ አውቀዋለሁ። ራህመት ሻሿን አውልቃ ለጎረምሳ ፎቶ ላከች፣ ጎረምሳውም ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፣ የሐጂውን ቤት አዋረደች ነው የተባልከው። እውነቱ ይህ ነው። በጥር ወር ለአሥረኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገቡ፣ ለጉርድ ፎቶው ሁለቱም ጆሮ መታየት አለበት ተባሉ። ራህመት አላወልቅም ብላ ሁለት ቀን አልቅሳለች። ያስወለቅኳት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ። «ለፈተና ወረቀት ነው፣ ከፈታኙ በቀር ማንም አያየውም» ብዬ አስፋልቱ ዳር ወዳለው ፎቶ ቤት እጇን ይዤ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ባለቤቱን ጋሽ ታከለን ታውቃቸዋለህ፤ የአንተንም የፓስፖርት ፎቶ ያነሱህ እሳቸው ናቸው። ያን ዕለት ግን እሳቸው አልነበሩም፤ ያነሳት ልጃቸው በረከት ነው። ሰው እንዳይገባ መጋረጃውን በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ጠባቂ መሆኔ ነበር።

ፎቶውን አይተኸዋል አይደል? እንግዲያው ደግመህ አስበው። ከኋላዋ ነጭ አንሶላ ተሰቅሏል። አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ እንደ ታሳሪ ነው የቆመችው። ለወዳጇ ፎቶ የምትልክ ልጅ እንዲህ ትቆማለች? ይህን ለማየት መማር አያስፈልግም፤ ለአንድ አፍታ ወንድም መሆን ይበቃ ነበር።

ገጹን የከፈቱት፣ በኋላ እንደታወቀው፣ በረከትና ሦስት ጓደኞቹ ናቸው፤ ከክርስቲያኑም ወገን ከእኛም ወገን አሉበት። ስሙን «የሮቢት ሚዛን» አሉት። እኛ ሽንኩርት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ውዳቂ ብለን እንደምንለየው እነሱም የትምህርት ቤቱን ሴቶች ይለያሉ። ፎቶ ያወጡና ፊቷ ላይ ደረጃዋን ይጽፋሉ። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ሽንኩርት ነጋዴው ሳቀ፣ ባንክ ቤት ያለው ሳቀ፣ አስተማሪዎችም ሻይ ቤት ስልክ እየተቀባበሉ ሲስቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ራህመት ፊት ላይ «ውዳቂ» ተብሎ ሲጻፍ አራት ሺህ ሰው ገጹን ይከታተል ነበር። በዚህች ከተማ አራት ሺህ ሰው ማለት በየደጁ አንድ ሰው ማለት ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው እስክሪብቶውን ሳያነሳ «ስሙን ያልጻፈን ሰው በምን ልክሰሰው? እናንተም ደግሞ ፎቶ ታበዛላችሁ» አለኝ። የፈተና ፎቶ ነው ብዬ ብነግረው «እሱንም ቢሆን» አለ። ሕግ ተምሬ ነው የመጣሁት፤ አንቀጹን በቁጥር ነገርኩት። ፈገግ ብሎ «ታዲያ ዳኛ ሁኚያ» አለኝ። በማግስቱ የእኔ የምረቃ ፎቶ ወጣ። ከጋውኑ በላይ «ዲግሪ የጫነች ውዳቂ» የሚል ተጽፎበታል። የሄድኩት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የምናውቀው መርማሪውና እኔ ብቻ ነበርን። ማን እንደነገራቸው እስካሁን እጠይቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ሌላ ሆነብኝ። የሕግ ሥራ እስኪገኝ የማስተምርበት የገጠር ትምህርት ቤት ልሄድ ባጃጅ ብሳፈር ነጂው በመስታወቱ እያየኝ «ቲቸር፣ ደረጃሽ ወጣ አሉ» አለኝ። «አንተስ ስንተኛ ወጣህ?» አልኩት። አቁሞ አወረደኝ፤ በእግሬ ሄድኩ። ግድ የለኝም፣ እኔ እግር አለኝ፣ አፍም አለኝ። ራህመት ግን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

የራህመት ትምህርት ቤትስ ምን አደረገ ብትለኝ፣ የሴቶቹን ስልክ ሰበሰበ። የወንዶቹን አልነካም። ርእሰ መምህሩን ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «ጥቃቱ የሚደርሰው በሴቶቹ ላይ ስለሆነ እነሱን መጠበቅ አለብን» አሉኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ይሉሃል ይህ ነው። እንግዲህ ልጆቹ ይሰደባሉ፣ ምን ተብለው እንደተሰደቡ ግን ከሌላ ሰው አፍ ይሰማሉ።

ከዚያ ሽማግሌ ገባ። አባባ ነገሩ ወደ ሃይማኖት እንዳይዞር ፈርተው ነበር፤ ጋሽ ታከለም እንዲሁ። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ ከታች ሰፈር ጎረምሶች ፎቶ ቤቱን እናቃጥላለን ሲሉ ሰምቻለሁ። ሚያዝያ ዘጠኝ፣ እሑድ፣ ከሁለቱም ወገን ስድስት ሽማግሌ ከሮቢ ወንዝ ዳር ካለው ከአባባ ማሳ፣ ማንጎው ሥር ተቀመጠ። በረከት አንገቱን ደፍቶ አጠፋሁ አለ። ጋሽ ታከለ አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ፍርድ ሰጡ። በዱሮ ጊዜ ደም ሲደርቅ የገዳዩ ጦር ይሰበርና ይጣል እንደነበረው፣ ይህን ሁሉ ያደረገው ስልክ ወንዝ ይጣል አሉ። በረከት ስልኩን ሰጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው፣ ርኩስ ነገር እንደሚይዝ ሰው፣ ውሃው ጠለቅ ወዳለበት ወረወሩት። ሁለቱ አባቶች በዚያው ውሃ እጃቸውን ታጥበው ተሳሳሙ። ዱዓም ጸሎትም ተደረገ። ራህመት አልተጠራችም። እኔ ምግብ አቅርቢ ተብዬ ሄጄ ነው ያየሁት።

አባባ ማታ እግራቸው ጭቃ እንደሆነ ገብተው «ጨረስን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ውሃ በላው» አሉ። ፊታቸው በርቶ ነበር፤ እውነት ለመናገር ካንተ መሄድ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አላየሁም። ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ መንገር ጨካኝነት መሰለኝና ተውኩት። በማግስቱ ጠዋት ገጹ ስሙን ለውጦ ተከፈተ። የራህመት ፎቶ ከላይ ነው፤ ከሥሩ «ከወንዝ የወጣች» ብለዋል። ለአባባ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩትና «አወጡት እንዴ?» አሉኝ። ስልኩን ከወንዙ ያወጡት መስሏቸው ነው፣ ሙዐዊያ። ፎቶው በአራት ሺህ ስልክ ውስጥ እንዳለ፣ የተጣለው ስልክ ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ከጎተራ አንድ ፍሬ እንደሆነ ሳስረዳቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ታዲያ ለማን አቤት ይባላል?» አሉ። ራህመት በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ከዚያ ጠዋት ወዲህ አልተናገረችም።

አሁን ስለ ኢየሩሳሌም ልንገርህ። በመናኸሪያው ማንጎ የምትሸጠው የእትዬ እቴነሽ ልጅ ናት፤ ከራህመት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጡት። እሷን ያወጧት በየካቲት ነው። እናትየው መርማሪም ሽማግሌም አላገኘችም፤ ድሃ ናት፣ ባልም የላት። ልጅቱ ሦስት ሳምንት ተሳቀበትና አንድ ቀን ጠዋት ለትምህርት እንደወጣች ቀረች። ደላላ ነው የወሰዳት፤ በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ። አንድ ጊዜ ከማይታወቅ ቁጥር ደውላ «እማዬ፣ ውሃው ይታየኛል» አለቻት፤ ሌላ ነገር አልተሰማም። ከባሕሩ ማዶ ጦርነት እንዳለ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ። እትዬ እቴነሽ አሁን ከጅቡቲ መስመር የሚመጣ ከባድ መኪና ባየች ቁጥር ማንጎዋን ጥላ ትሮጥና ሾፌሩን ትጠይቃለች። ሾፌሮቹ ከሩቅ ሲያዩዋት መስኮት መዝጋት ጀምረዋል። ገጹ ደግሞ ኢየሩሳሌም ከሄደች በኋላ ፎቶዋን መልሶ አወጣና ከላዩ «ተሸጧል» ብሎ ጻፈበት።

ያ ደላላ ባለፈው ማክሰኞ በራችን ላይ ቆሞ እማን ውሃ ለመናት። እማ አላወቀችውም፣ ሰጠችው። ቀስ ብሎ እየጠጣ ወደ ውስጥ ሲያይ ቆየና «ትንሿ ልጅ ደህና ናት?» ብሎ ጠየቃት። ከጓዳ ስወጣ ጣሳውን አስቀምጦ ሲሄድ ከኋላው ለየሁት። በሩን ከዚያ ወዲህ ቀንም እንቀረቅረዋለን።

አባባ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈርተዋል። አንተ ደግሞ ከዚያ ሆነህ «ትምህርቱ ይብቃት፣ ዳሯት» ብለህ ስትደውል ለፍርሃታቸው መንገድ አሳየሃቸው። «በሰው አፍ ከምትገባ በሰው ቤት ትግባ» አሉ። ባሉ ሚስቱ የሞተችበት የአጣዬ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ትልቁ ልጁ ከራህመት ጋር እኩያ ነው። ኒካሁ ከረመዷን በፊት፣ ግንቦት 18፣ ሐሙስ ነው። ፈተናው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሻሿን ያወለቀችለት ፈተና። ሕጉ አሥራ ስምንት ዓመት ይላል ብዬ ቀበሌ ብሄድ «ቤተሰብ ከተስማማ እኛ ምን አገባን» ተባልኩ።

ሥርዓቱን ታውቀዋለህ። ምስክሮቹ ወደ ጓዳ ገብተው ከመጋረጃ ውጭ «ፈቅደሻል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጅቱ ዝም ካለች ዝምታዋ እሺታ ነው ተብሎ ኒካሁ ይታሰራል። አስበው እንግዲህ። ራህመት ሃያ አራት ቀን ዝም ያለች ልጅ ናት። እማን ዝም ብላለች፣ እኔን ዝም ብላለች፣ ጥርሷን ሲያማት እንኳን ዝም ብላለች። ሐሙስ ሲጠይቋትም ዝም ትላለች፤ እነሱም ደስ ብሏቸው ይወጣሉ። ሼኩ ዘንድ ሄጄ ይህን አስረዳኋቸው። ዝምታ እሺታ የሚሆነው በሐያ፣ በዓይናፋርነት ዝም ላለች እንጂ አንደበቷ በፍርሃት ለተያዘ አይደለም አልኳቸው። አልተቆጡኝም። «እውነት አለሽ ልጄ፤ ግን እኔ ከመጋረጃ ውጭ ሆኜ የሐያውን ከሕመሙ በምን ልለየው? አባትና ወንድም ደህና ናት፣ ተስማምታለች ካሉኝ አስራለሁ። ከሁለቱ አንዱ የለም ካለኝ ግን እጄን አላስገባም» አሉኝ። አባባ ብለዋል። የቀረኸው አንተ ነህ። ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ለዚህ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ልጽፈው አልፈለግኩም ነበር። የኒካሁን ቀን መጀመሪያ የምናውቀው አምስት ሰዎች ነበርን፤ አባባ፣ እማ፣ ሰውየው፣ እኔና አንተ። እኔም የሰማሁት በአባባ ስልክ ላንተ ሲነግሩህ ነው። በማግስቱ የራህመት ፎቶ ላይ «ተሸጧል» ተጽፎ፣ ከሥሩም «ግንቦት 18» የሚል ተጨምሮ አየሁ። ከአገር ልጆች ጋር የምትጨዋወትበት፣ መንደር የሚያህል ቡድን በስልክህ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ለማን ነገርክ? ክፋት አስበህ ነው አልልም። ለአንድ ሰው በጨዋታ መሐል ነግረህ ይሆናል። ፎቶውም እንዲሁ ነው የተዛመተው፤ አንድ ሰው ለአንድ ሰው በጨዋታ መሐል እያለ።

ሌላም አለ። በየካቲት ኢየሩሳሌም ስትወጣ ከፎቶዋ ሥር የጻፍከውን አይቼዋለሁ። «ይቺስ ለዘርም አትሆን» ብለሃል። ስልሳ ሁለት ሰው ስቆልሃል። በአባባ ማሳ የለመድከው የሽንኩርት ቀልድ ነው፤ ጎበዝ ቀልደኛ እንደነበርክ አልረሳሁም። ኢየሩሳሌም ያን ስታነብ ከአጠገቧ የተቀመጠችው ራህመት ነበረች። «ይሄ ያንቺ ወንድም አይደለም?» ብላ ጠየቀቻት። ራህመት «የስም መመሳሰል ነው» አለቻት። ልጅቱ ከሄደች በኋላ ያን ውሸት ለእኔ የነገረችኝ እያለቀሰች ነው፤ አንተን ለማዳን ብላ የዋሸችውን። ራህመት ይህን ይዛ ነው የራሷን ፎቶ ያየችው። ከእነዚያ ከሚስቁት መካከል ወንድሟ እንዳለ እያወቀች።

ሁሉም ሰው መፍትሔው ምንድነው እያለ ይጠይቀኛል፤ የተማርሽ ነሽና ንገሪን ይላሉ። ስልክ መጣል፣ ስልክ መሰብሰብ፣ ልጅ መዳር ሁሉም ተሞክሯል። እኔ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው። በረከት ብቻውን ቢጽፍ ኖሮ የአንድ ባለጌ ጽሑፍ ሆኖ ይቀር ነበር። ሚዛን ያደረገው የሚስቀው አራት ሺህ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ጭራቅ አይደለም፤ የሴት ልጅ አባት ነው፣ ወንድም ነው፣ መርማሪ ነው፣ አስተማሪ ነው። ያፈረው ግን እስካሁን አንድም የለም። ሐፍረቱን በሙሉ የተሸከሙት ልጆቹ ናቸው። ሐፍረት ወደ ባለቤቱ ካልተመለሰ ይህ ነገር ነገ በእማሆይ ሰፈር፣ ከነገ ወዲያ በከሚሴ ይነሳል፤ ሚዛኑ ይሠራልና። ሽማግሌ ከሆነ ልጅቱን ጠርቶ ይስማት። ትምህርት ቤት ከሆነ የተሰደበችውን ሳይሆን የተሳደበውን ከፊቱ ያቁም። የሳቀም ሰው በሳቀበት ቦታ፣ በዚያው ሰው ፊት፣ በስሙ ተሳስቻለሁ ይበል።

ከአንተ የምፈልገው እንዲህ ነው። ይህን እንዳነበብክ ለሼኩ ደውል፤ ቁጥራቸውን በፖስታው ጀርባ ጽፌዋለሁ። አልፈቀድኩም በላቸው። ለአባባም ደውልና የፈተና ፎቶ መሆኑን አንተ ንገራቸው፤ እኔ መቶ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፣ ወንድ ሲለው ነው የሚሰሙት። ከዚያ በዚያው ገጽ ላይ፣ ለኢየሩሳሌም በጻፍክበት በዚያው ስም፣ «ራህመት እህቴ ናት፣ ፎቶው የፈተና ነው፣ በኢየሩሳሌም ላይ የሳቅኩትም እኔ ነኝ» ብለህ ጻፍ። ይሳቅብሃል። እኛ ሲሳቅብን ከረምን፣ አልሞትንም፤ አንተም አትሞትም።

እስከ ግንቦት 16 ካልደወልክ ሌላ መንገድ አለኝ። አባታችንን የምከስበት ማመልከቻ ተጽፎ ቦርሳዬ ውስጥ ተቀምጧል። ፈርሜበታለሁ። ፍርድ ቤቱ ከሐሙስ ይቅደም አይቅደም አላውቅም። ያን ወረቀት ያስገባሁ ዕለት በዚህ ቤት ልጅ መሆኔ ያበቃል፤ አባባም ሰው ፊት ቀና ብለው አይሄዱም። ከዚህ ሁሉ የሚያድነን ያንተ አንድ ቃል ነው።

አባባ ሰላም ብለውሃል፤ ሽንኩርቱ ዘንድሮ ደህና ነው በይው ብለዋል፤ ደብዳቤው የሽንኩርት መስሏቸዋል። እማ ስምህን እየጠራች ዱዓ ታደርጋለች፤ ሻይ ሲፈላ ያንተን ብርጭቆ አውጥታ መልሳ ትሰቅለዋለች። እትዬ እቴነሽ «ሪያድ ከባሕሩ ማዶ ነው አይደል? ልጄን ካየሃት በይው» ብላኛለች፤ ምን እንደጻፍክ አታውቅም፣ እኔም አልነግራትም። ሐሚድን ለድካሙ አመስግንልኝ።

ለራህመት ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ሰጥቻት፣ ለወንድምሽ የምትፈልጊውን ጻፊ ብያት ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ስመለስ እንደያዘችው ነበረች። ከዚህ በታች የምታያት የቀለም ነጥብ እስክሪብቶው ወረቀቱን ነክቶ የቆመበት ነው። ሌላ አልጻፈችም።

.

እህትህ ነኢማ

ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 4 ቀን 2008 ዓ.ም.